የቅቤ ተራ አፍንጫ

ደብረ ብርሃን ቅዳሜ ገበያ ላይ ቅቤ ያጣላቸው ሰዎች ዳኛ ዘንድ አይሄዱም ነበር። «አልታየች ታሽትተው» ይባባላሉ። ሻጭ «ለጋ ነው» ትላለች፤ ገዢ «ሞራ ገብቶበታል» ትላለች። ሁለቱም ቅሉን ይዘው ከቅቤ ተራው ጫፍ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወደምትቀመጠው ቀጭን ሴት ይመጣሉ።

አልታየች አትቸኩልም። ከመቀነቷ አንድ የስፌት ስንደዶ ትመዛለች፣ የቅቤው እምብርት ድረስ ትሰካዋለች፣ ትስበዋለች። ወዲያው ግን አታሸትም። ስንደዶውን በሁለት መዳፎቿ መሃል ታሻለች፣ እፍ ትልበታለች። የደብረ ብርሃን ብርድ ቅቤን ድንጋይ ያደርገዋል፤ የቀዘቀዘ ቅቤ ደግሞ ጥሩውም መጥፎውም አይሸትም። ጉዱ የሚወጣው ሞቅ ሲል ነው። ሞቅ ሲል አፍንጫዋ ላይ ታስጠጋና ዐይኗን ትጨፍናለች።

«ሞራ የለበትም» ትላለች። «ግን የሁለት ቤት ቅቤ ነው። የአንዱ ቅል በወይራ ታጥኗል፣ የሌላው አልታጠነም። ያልታጠነው ከርፍቷል። አንቺ፣ ከማን ቀላቅለሽ ነው ያመጣሽው?»

ሻጯ መሬት መሬት ታያለች። ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ይግባኝ የለም።

አልታየች የተወለደችው ሰላ ድንጋይ አጠገብ፣ ከቄስ ቤት ነው። በልጅነቷ አፍንጫዋ ቤተሰቡን አስቸግሯል። እናቷ ወተት በሌላ ዕቃ ከቀዳችላት አትጠጣም፤ እንግዳ ከመጣ ገና በር ሳይገባ የመጣበትን ትናገራለች። አባቷ «ይህቺ ልጅ ለምን አደን አትሄድም?» ይሉ ነበር። አደገችና ወልደተንሣኤ የሚባል የመንገድ ሥራ ሠራተኛ አገባት፣ ደብረ ብርሃን አመጣት፣ ቆላ ወርዶ ወባ ገደለው። ልጅ አልወለዱም። ያለ ባል፣ ያለ ልጅ፣ ያለ መሬት ስትቀር የተረፋት አፍንጫዋ ብቻ ነበር። ቅቤ ተራ ገብታ ተቀመጠች። ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ድንጋዩ የእሷ ሆነ።

በ1950 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ በሽታው መጣ። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ነው የመጣው አሉ ሰዎች። ሽማግሌዎቹ የድሮውን የኅዳር በሽታ አስታውሰው ፊታቸው ጠቆረ። ይኼኛው እንደዚያኛው ሰው አልፈጀም፤ ግን ቤት ሙሉ ሰው አብሮ ያስተኛል። ትኩሳት፣ ሳል፣ የአጥንት ቁርጥማት። አልታየችም ተኛች። ጎረቤቶች ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት፣ ጋቢ ደራርበው አላቧት። ተነሣች። ጉልበቷ ቢከዳትም እህል መብላት ጀመረች። እህሉ አልጣማትም፤ የበሽታ አፍ ነው ብላ ተወችው።

ነገሩ የገባት ኅዳር ሲታጠን ነው።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ከተማው እንደ ልማዱ ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን አቃጠለ። በየበሩ ገለባ፣ አሮጌ ሰሌን፣ የበሰበሰ ቆዳ ይጨሳል። ጢሱ ከሜዳው ላይ አልነሣ ብሎ እንደ ጉም ተኛ። ሕፃናት ያስላሉ፣ እናቶች ይስቃሉ፣ በሽታ ይውጣ ይላሉ። አልታየች ከጢሱ መሃል ቆመች። ዐይኗ አለቀሰ፣ ጉሮሮዋ ተቃጠለ። አፍንጫዋ ግን ዝም አለ። ወደ እሳቱ ጠጋ አለች። ጎንበስ አለች። ግንባሯ ላይ ያለው ጸጉር ተለበለበ።

«ኧረ አንቺ ሴት! ልትቃጠዪ ነው እንዴ?» አለች ጎረቤቷ።

«ምን ይሸታል?» አለች አልታየች።

«ጸጉርሽ ነዋ! ምን ይሸታል ትይኛለሽ እንዴ?»

አልታየች ቤቷ ገባች። ነጭ ሽንኩርት ፈጨች፤ ምንም። ጤና አዳም አሸች፤ ምንም። የላምባውን ጠርሙስ ከፍታ አፍንጫዋ ውስጥ ልትከተው ምንም አልቀራት፤ ምንም። ሚጥሚጣ ምላሷ ላይ አደረገች፤ አቃጠላት፣ አልጣማትም። ጓሮ ወጣች፣ የጎረቤት በረት ገባች፣ እበት አነሣች። ቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር ድረስ ሄደች፤ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ በሚያልፍበት ቆመች። ሲመሽ ደክሟት ስትመለስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው፤ ቅዳሜ ሲመጣስ?

ቅዳሜ መጣ። የገና ጾምም ገብቷል።

በጾም ወራት ቅቤ የሚበላ ክርስቲያን የለም፤ ላም ግን አትጾምም። ቅቤው ይከማቻል። ለገናና ለጥር ሠርግ የሚገዙት ሰዎች በዚያን ጊዜ ነው የሚሰለፉት። ማንም ቀምሶ አይገዛም። ቀምሶ የሚሸጥም የለም። ሁሉም ነገር በአፍንጫ ነው። አልታየች ስንደዶውን ሰካች፣ አሸች፣ እፍ አለች፣ ዐይኗን ጨፈነች። ጨለማ ነው። «ደኅና ነው» አለች። ለሚቀጥለው «ትንሽ ቆይቷል» አለች። ቀለሙን አየች፣ በጥፍሯ ፋቀች፣ የሻጯን ፊት አነበበች። ፊት ማንበብ ትችል ነበር። ግን ገበያው ሳይበተን ራሴን አመመኝ ብላ ተነሣች።

ሰኞ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። አባ ገብረመንፈስቅዱስ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን አደረግሽ?»

«እስካሁን ምንም። ላደርግ ነው። በጾሙ ቅቤ ልቅመስ። ሥራዬ ነው፤ አፍንጫዬ ጠፋ።»

«ወዴት ጠፋ?»

«በሽታው ይዞት ሄደ።»

አባ ጢማቸውን ያዙ። «ምላስሽስ?»

«እሱም ሄዷል።»

«ታዲያ ለማይቀምስ ምላስ ጾም ላስፈታ? ልጄ፣ ኃጢአቱ ይገባብሻል፣ ጣዕሙን አታገኚውም። በሁለቱም በኩል ከሰርሽ እኮ።»

አልታየች ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው ተናደደች።

«ለገዢዎችሽ ንገሪያቸው» አሉ አባ።

«ከነገርኳቸው ምን ይቀረኛል?»

አባ ጋቢያቸውን ወደ ፀሐዩ አዞሩ።

መልሱን ያመጣችው ጠይባ ናት። ጠይባ የአልዩ አምባ ሰው ናት፤ ሁለት አህያ በርበሬና ቅመም ጭና በአንኮበር ዳገት ትወጣና ዓርብ ማታ አልታየች ቤት ታድራለች። ከድሮ ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ጥግ ላይ የጠይባ ድስት የሚባል ድስት አለ፤ አንዷ የሌላዋን ሥጋ ስለማትበላ ማንም አይነካባትም። የቀረውን ሁሉ ይካፈላሉ። ጠይባ ወፍራም ናት፣ ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል፣ ምስጢር ስትነግር እንኳ መንደሩ ይሰማታል።

«ወላሂ፣ ይኼ ነው ያከሳሽ?» አለች ሁሉን ከሰማች በኋላ። «አፍንጫ ነው የጠፋሽ? የእኔን ውሰጂ። ኮረሪማ ከየት አገር እንደመጣ በጨለማ እለያለሁ።»

«ቅቤ ኮረሪማ አይደለም።»

«አስተምሪኛ!»

አልታየች አስተማረቻት። ማታውን ሙሉ የቤቱን ቅቤ፣ የጎረቤቱን ቅቤ፣ የበር መጋጠሚያ የሚቀባበትን ሞራ እያቀረበች ጠየቀቻት። ጠይባ ፈጣን ተማሪ ሆነች። ጠዋት ዕቅዱ አለቀ። ጠይባ በርበሬዋን ከአልታየች ድንጋይ ጎን ትዘረጋለች። አልታየች ስንደዶውን እንደ ወትሮዋ ካሸተተች በኋላ ጠይባ ጉልበት ሥር ትጥለዋለች። ጠይባ ጎንበስ ብላ ሻሿን የምታስተካክል መስላ ታሸታለች። ንጹሕ ከሆነ «ማሻአላህ» ትላለች፤ ከተበላሸ ታስላለች። አልታየች እስከዚያ ዐይኗን ጨፍና ትቆያለች። ሰዉ የአልታየች ጥንቃቄ ጨመረ አለ።

ሠራ። ሁለት ቅዳሜ ሠራ። አልታየች ግን ሰላም አልነበራትም። ገበያ መሃል የሰው ዐይን ሁሉ ጠይባ ላይ ያረፈ ይመስላታል። ሰው ሳቅ ካለ ትዞራለች። ቤት ስትገባ አትቀመጥም፤ ሽንኩርት ታሸታለች፣ ወይራ ታሸታለች፣ በር ከፍታ ትወጣለች፣ ትመለሳለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ነፋስ ነበር። ከለሚ አካባቢ የመጣች ለተጊዮርጊስ የምትባል ሴት ቅቤዋን አቀረበች። ገዢው ሞራ አለበት ብሏታል። አልታየች ሰካች፣ አሸተተች፣ ጣለች፣ ዐይኗን ጨፈነች። በዚያች ቅጽበት ነፋሱ የበርበሬውን ስልቻ አፍ ገለጠው። ጠይባ ሳለች። ስንደዶውን ገና አልነካችውም። የሳለችው በራሷ በርበሬ ነው።

«ሞራ አለበት» አለች አልታየች።

ለተጊዮርጊስ ክው አለች። «እትዬ አልታየች? እንደገና አሽትቺው፤ ተሳስተሽ ይሆናል።»

«አልኩ እኮ።»

«በእጄ ነው የናጥሁት! አንዲት ላም ናት ያለችኝ! ቤቴ ሞራ የሚባል አልገባም!»

ሰዉ እየሳቀ ተበተነ። ሴትዮዋ ቅሏን አንሥታ ሄደች። ማንም ከእሷ አልገዛም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። ጠይባ ማሳሏን ስትጨርስ ስንደዶውን አሸተተች። ፊቷ ተለወጠ።

«አልታየች» አለች በሹክሹክታ፤ የእሷ ሹክሹክታ ሹክሹክታ ከተባለ። «ንጹሕ ነው። እንደ ማር ንጹሕ ነው።»

አልታየች ተነሣች። የለሚን መንገድ እያየች ቆመች። ሴትዮዋ ከሰዉ ጋር ተቀላቅላለች። ልትሮጥ ትችል ነበር፤ አልሮጠችም። ተመልሳ ተቀመጠች። እዚያው ተራ ላይ ቅቤ የምትሸጥ ደመቀች የምትባል ሴት ይህን ሁሉ እያየች ነበር። ደመቀች ምላሷ እንደ ምላጭ ነው።

«ይገርማል» አለች ደመቀች ለጎረቤቷ፣ ሆን ብላ ጮክ አድርጋ። «አልታየች ያሸተተችው ጠይባን ያስላታል።»

በዚያው ሳምንት የወይዘሮ አስካለማርያም ሰው መጣ። አስካለማርያም በከተማው ከተከበሩት ሴቶች አንዷ ናቸው፤ በጥር ልጃቸውን ይድራሉ። የሠርጉን ቅቤ አልታየች እንድትመርጥ ፈለጉ። ሌላ ሰው አልፈለጉም። ቅዳሜ ጠይባ መምጣት ነበረባት። አልመጣችም፤ አንዷ አህያዋ ዳገቱ ላይ እግሯን ሰብራለች። አልታየች ብቻዋን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «ሌላ ቀን ተመለሱ፤ ዛሬ አይሆንም» ማለት ትችል ነበር። ግን ደመቀች ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ስንደዶ በጣቷ እያሽከረከረች ታያታለች።

መረጠች። በጥፍሯ ፋቀች፣ ቀለም አየች፣ ፊት አነበበች። ከሁሉም የተማመነችበት አንድ ትልቅ ቅቤ ነበር፤ ቢጫ፣ ጠንካራ፣ ያመጣችው ሴት ደግሞ ፊቷ ውኃ የመሰለ፣ የማትዋሽ። አልታየች ያን ፊት በትክክል አንብባዋለች። ሴትዮዋ አልዋሸችም። ዕቃ አንሷት ቅቤዋን ያቆየችው በላምባ ቆርቆሮ መሆኑን ግን ማንም አልጠየቃትም። ቆርቆሮውን በአመድ አጥባዋለች፤ የታጠበ መስሏታል። ለገበያ ስትወጣ ወደ ቅል ገለበጠችው። የታኅሣሥ ውርጭ ቀሪውን ሠራ። ቅቤው ድንጋይ ነበር፤ ድንጋይ አይሸትም። ያን ዕለት አልታየች ደግሞ በመዳፏ ማሸቱን ትታዋለች። ምን ልታሸትበት?

ጠይባ ዘግይታ ማክሰኞ መጣች። አልታየች ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እጇን ታሞቅ ነበር።

«ላምባ ደፋሽ እንዴ?» አለች ጠይባ ገና ከበሩ።

«አልደፋሁም።»

«ቤቱ ላምባ ላምባ ይላል እኮ!» ጠይባ ኩራዙን አየች፣ ጠርሙሱን አየች፣ ጎንበስ አለች። የአልታየችን እጅ ያዘች። ቅዳሜ ትልቁን ቅቤ ፍቃ እጇን የጠረገችበት ጨርቅ እሳት ዳር ተሰጥቷል። አልታየች ስታጥፈው ስትዘረጋው ነው የዋለችው። ጠይባ ጨርቁን አነሣች፣ አሸተተች፣ ጣለችው። «ይኼ ጨርቅ የምኑ ነው?»

አልታየች ብድግ አለች። «ዛሬ ነው የሚያነጥሩት» አለች። «ሁሉንም በአንድ ድስት።»

ነጠላዋን ሳትይዝ ወጣች። መንገዱ ውርጩ ቀልጦ ጭቃ ሆኗል። ጠይባ ከኋላ እያለከለከች ተከተለቻት። አልታየች መንገድ ላይ ዘዴ ታስብ ነበር። የተሻለ ቅቤ አግኝቻለሁ፣ ይኼን ልውሰደው እላለሁ። አስካለማርያም ደስ ይላቸዋል። ማንም አያውቅም።

አስካለማርያም ግቢ ሴቶች ተሰብስበዋል። ድስቱ ተጥዷል፤ ቅመሙ ተወቅጧል፤ ቅቤው ገና አልገባም። ደመቀችም ለሥራ ተጠርታ እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች።

«እሜቴ» አለች አልታየች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ያን ትልቁን ቅቤ ልውሰደው። የተሻለ አግኝቻለሁ።»

አስካለማርያም ፈገግ አሉ። «ይኼን ያህል ተጨንቀሽ ነው የሮጥሽው? ይኼም ይበቃል፤ አንቺ አሽትተሽዋል አይደል?»

«አዎ እንጂ!» አለች ደመቀች። «አልታየች ካሸተተችው ምን ጎደለው? በሉ ይግባ።» ቅሉን አነሣች። ዐይኗ ግን አልታየች ላይ ነበር።

«አታስገቢው» አለች አልታየች።

«ለምን?»

ድስቱ ሥር እንጨት ይፈነዳል።

«አላሸተትሁትም።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ አስካለማርያም።

«ማሽተት አልችልም። ከበሽታው ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ምንም። ቅቤው ላምባ ይላል አለችኝ ጠይባ፤ እኔ አላውቅም።»

ደመቀች ከቅቤው በጥፍሯ ቆንጥራ መዳፏ ውስጥ አሻችው፣ እፍ አለችበት፤ ልክ አልታየች ታደርግ እንደነበረው። አሸተተች። የመሳለቂያ ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀረ።

«ላምባ ነው» አለች ብቻ።

አስካለማርያም ወደ አልታየች ዞሩ። «የልጄ ሠርግ ነበር እኮ፣ አልታየች» አሉ። ወዲያው ደግሞ፦ «የቀረውስ? የቀረውን ማን አሸተተው?»

«ማንም።»

ቅቤው በሙሉ ወጣና ደመቀች አንድ በአንድ እያሞቀች አሸተተችው። አልታየች እስኪያልቅ ድረስ ቆማ አየች። ትልቁን ቅቤ ተሸክማ ወጣች፤ ኋላ ለኮርቻ ሠሪ ሰጠችው፣ ቆዳ አለሰለሰበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድንጋዩ ላይ ደመቀች ተቀምጣለች። ማንም እንድትነሣ አልጠየቃትም። አልታየችም አልጠየቀችም።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻለችም። ቅቤ ተራን ትታ ከጠይባ ጋር መንገድ ጀመረች። እግሯን ሰብራ የሞተችውን አህያ ሸክም ግማሹን ራሷ ተሸከመች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር አልዩ አምባ፣ ከዚያ ተመልሶ ዳገት። ስትሄድ ይሻላታል። ስትቆም እጇ ወደ አፍንጫዋ ይሄዳል።

ለተጊዮርጊስን ፈለገቻት። የለሚ ሰዎች ሲያልፉ ጠየቀች። ገበያ መምጣት ትታለች አሏት፤ ስሟ ከሞራ ጋር ወጥቷል።

የካቲት ላይ አንድ ሽታ መጣ። አልታየች ዘለለች። ግን የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ነበር፤ ሁሉ ነገር የተቃጠለ ጸጉር ነበር። ዳቦ፣ ሳሙና፣ የአህያ ጀርባ፣ የራሷ ነጠላ። ጠይባ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ እየቆነጠረች ትጠይቃታለች።

«ይኼ ምንድነው?»

«የተቃጠለ ጸጉር።»

«ይኼስ?»

«የተቃጠለ ጸጉር።»

«ይኼስ?»

«ጸጉር። ግን የሌላ ሰው።»

ጠይባ እስክታነባ ሳቀች። አልታየች አልሳቀችም። በዚያ ዓመት ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ ሁለቱም ጾመኛ ሆነው መንገድ ወጡ፣ ሁለቱም ተቆጥተው ተመለሱ። ፋሲካ ደርሶ ጾም ሲፈታ የዶሮው ወጥ እንደሚቃጠል ቀንድ ሸተታት። አልታየች ሁለት ጉርሻ ጎረሰች፣ ሰው እንዳይከፋ ዋጠችው፣ ጓሮ ወጥታ ቆመች። ከዚህስ ምንም አለመሽተቱ ይሻል ነበር አለች።

ክረምቱ አለፈ። የጸጉሩ ሽታ ሳሳ፤ መቼ እንደሳሳ አላወቀችም።

በአዲሱ ዓመት ጥቅምት ላይ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። የጠይባ እህት ልጅ ሰሊሃ ልትዳር ነው። ጠይባ ለሠርጉ ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታለች፤ ፀሐዩ ከቆላው ሲመጣባት ቅቤው እየቀለጠ አንገቷ ላይ ይወርዳል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አልታየች ከኋላ ነበረች። ድንገት ቆመች።

«ጠይባ፣ ራስሽ ይሸታል።»

«አውቃለሁ» አለች ጠይባ ሳትዞር። «የተቃጠለ ጸጉር።»

«አይደለም። ቅቤ ነው። የቆየ ቅቤ። ቅሉ በወይራ ታጥኗል፤ ክዳኑ ግን በደንብ አልታጠበም።»

ጠይባ አህያዋን አስቆመች። ቀስ ብላ ዞረች።

«እንደገና በይው።»

«ራስሽ ይከረፋል።»

«ከማን ነው የገዛሁት?»

አልታየች ጠጋ ብላ አሸተተቻት፤ ላም ጥጃዋን እንደምታሸት። «ከደመቀች።»

«ወላሂ!» አለች ጠይባ። «አልሃምዱሊላህ! ሰደበችኝ!» ከዚያ ትንሽ አሰበችና፦ «ያቺ ከይሲ፣ ለጋ ነው ብላ ነው እኮ የሰጠችኝ።»

አልታየች ያን ቀን ያላሸተተችው ነገር የለም። ድንጋይ ሳይቀር። ሽታው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሙሉ፣ አንዳንዱ ከሩቅ እንደሚሰማ ሰው ድምፅ ነው። ሌሊት እየነቃች አለ ወይስ ሄደ ብላ የሰሊሃን ቤት ግድግዳ አሸተተች።

ወደ ደብረ ብርሃን ስትመለስ የለሚን መንገድ ይዛ ሄደች። ለተጊዮርጊስን ቤቷ አገኘቻት። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ለሰው አልተናገሩም። ብቻ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለተጊዮርጊስ ቅሏን ይዛ ቅቤ ተራ መጣች። አልታየች አብራት ነበረች።

ደመቀች ከድንጋዩ ላይ አየቻቸው። «አፍንጫሽ ተመለሰ አሉ» አለች።

«ተመልሷል።»

«እንግዲህ ይታያላ!» ሦስት ስንደዶ ከሦስት ቅቤ መዘዘችና ዘረጋችላት። ሰዉ ተሰበሰበ። አልታየች የመጀመሪያውን በመዳፏ አሸች፣ እፍ አለች፣ አሸተተች። «ለጋ ነው፤ ላሟ የገብስ ገለባ ነው የምትበላው።» ሻጯ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛው፦ «ቆይቷል፤ ለጸጉር ይሆናል፣ ለወጥ አይሆንም።» ሦስተኛውን ብዙ ቆየችበት። እንደገና አሸች። እንደገና እፍ አለች።

«ይኼን አላውቅም» አለች።

ሰዉ አጉረመረመ። አልታየች ድንጋዩ ላይ ሳለች ይህን ቃል ማንም ሰምቷት አያውቅም። ደመቀች ስንደዶውን ተቀብላ አሸተተችው። «እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው» አለች። ድንጋዩ ላይ ጠጋ አለች፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተገኘ። አልታየች ግን አልተቀመጠችም።

«የእሷን አምጪ» አለች።

ለተጊዮርጊስ ቅሉን አቀረበች። አልታየች ሰካች፣ ሳበች፣ አሸች። ዐይኗን አልጨፈነችም።

«ንጹሕ ነው። ያን ጊዜም ንጹሕ ነበር። ሳላሸት ነው ሞራ ያልኩት።»

«አልሰማሁም» አለች ለተጊዮርጊስ።

«ንጹሕ ነው አልኩ።»

«ያን ጊዜ ገበያው ሁሉ ሰምቶ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «አሁንም ጮክ በይ።»

አልታየች ጮኸች። የእህል ተራ ሰዎች ዞሩ። ጠይባ ከበርበሬዋ ኋላ «ማሻአላህ!» አለች፤ ይኼኛውን ማንም ሳያዛት።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት አልታየችና ደመቀች ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን እየተሰዳደቡ ተቀመጡ። ለተጊዮርጊስ ቅቤዋን እያመጣች ትሸጥ ነበር፤ ለአልታየች ሰላምታ የምትሰጠው ግን በአጭሩ ነው። አልታየች ጉንፋን በያዛት ቁጥር ቤት ውስጥ ትንጎራደዳለች፤ ሽንኩርት ታሸታለች፣ ወይራ ታሸታለች፣ በር ትከፍታለች። ኅዳር ሲታጠን ደግሞ ከሰዉ ሁሉ ቀድማ ጢሱ ውስጥ ትገባለች። ዓርብ ማታ ጠይባ አህያዋን ሳታራግፍ ከደጅ ትጣራለች።

«አለ?»

«ቆዪ» ትላለች አልታየች ከውስጥ። አንድ ነገር አንሥታ ስታሸት ይሰማል። «አለ። ግቢ።»